ዓይናችሁ አይጠየፍ ይሁን

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ይህን የምጽፈው ለምትስሉ ወጣቶች ነው። ግጥም የሚሞክር ወይም ካሜራ የያዘ ካለም ጠጋ ይበል፤ ችግራችን አንድ ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታፔላ ጽፌ ኖሬያለሁ። የሻይ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ የስጋ ቤት። ዛሬ ባነር በማሽን ታትሞ ይወጣል። ያኔ ላሜራ ተቆርጦ፣ ኖራ የነካ ክር ተወጥሮ፣ በብሩሽ ነበር። ባነር ገበያዬን ሲበላው ደግሞ የሰፈር ልጆችን ሥዕል ማስተማር ጀመርኩ። የሚመጡት ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነው፤ "ጋሼ፣ ምን ልሳል? ሐሳብ አልመጣልህ አለኝ።"

ከዚያ ስልክ ይወጣል። ፒንተረስት ይከፈታል። አንዱ ልጅ በረዶ የለበሰ ተራራና የእንጨት ጎጆ ሲስል አገኘሁት። የተቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው። ከመስኮቱ ውጭ የደሴው ተራራ ጦሳ ግማሹን ጉም ውጦት ቆሟል። ልጁ ለጦሳ ጀርባውን ሰጥቷል።

አልተቆጣሁትም። የምቆጣበት አፍ የለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ስጋ ነጋዴ ታፔላ አዘዘኝ። "በሬ ሳልልኝ፣ ያማረ በሬ።" እኔም ቤት ሄጄ የዱቄት ወተት ጣሳ ፈለግኩ። ጣሳው ላይ የታተመች የፈረንጅ ላም ነበረች፤ ወፍራም፣ ነጭና ጥቁር። እሷን ገለበጥኩ። ጡቷን አጠፋሁ፣ ቀንድ ጨመርኩላት፣ ቡናማ ቀባኋት። በሬ ሆነች ብዬ ተሸክሜ ሄድኩ።

ሰውየው ቢላውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ኧረ በአላህ!" አለኝ። "ሻኛው የታለ?"

"የምን ሻኛ?"

"የምን ሻኛ ትለኛለህ? ደንበኛ መጥቶ ሻኛ ቁረጥልኝ ሲለኝ፣ የኔ በሬ የለውም ልበለው?"

እዚያ የቆሙት ሁሉ ሳቁብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በሬ እያየሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ያርስ ነበር። ግን በሬ ሳል ስባል የሄድኩት ወደ ጣሳው ነው! ሰውየው ሲያየኝ አዘነልኝ መሰለኝ፣ "አብሽር፣ ጨምርበት ብቻ" አለኝ። እዚያው ቆሜ ጨመርኩበት። ሲቸኩሉ እንደሚሆነው የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሳልፍቅ፣ በላዩ ላይ።

በነጋታው ግን ከብት ተራ ሄድኩ። ከዚያም በኋላ ለሳምንታት ሄድኩ። ከከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል በሬ ብቻ ሳልኩ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የጠገበ በሬ ሻኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የከሳው ደግሞ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል። ከራያ የመጣ ሰንጋ ቀንዱ የትየለሌ ነው። በሬ ሲቆም አንዱን የኋላ እግሩን ያሳርፋል፣ ወገቡም በዚያው በኩል ዝቅ ይላል። ቀንበር የለመደ በሬ አንገቱ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ያብረቀርቃል። ይህን ሁሉ ድሮም አይቼዋለሁ። አላየሁትም ደግሞ።

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ስጋ ቤት ሳልኩ። ለሙስሊሙ ስጋ ቤት ጨረቃ፣ ለክርስቲያኑ መስቀል እጨምራለሁ። በሬው ግን አንድ ነው፤ ያው የከብት ተራው። ይህን ስል "ወሎ የፍቅር አገር" የሚለውን መፈክር ልደግምላችሁ አይደለም፣ እሱን ለበዓል ንግግር ተዉት። ሥራዬ እንደዚያ ነበር፣ በቃ።

እናንተ የደሴ ልጆች አይጠየፍን ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ግብር የሚበላበት የድግስ አዳራሽ ነው። ስሙን ልብ በሉት፤ ድሃ ነህ፣ ቡቱቶ ለብሰሃል ብሎ ማንንም የማይጠየፍ ቤት ማለት ነው። የሰዓሊ ዓይንም እንደዚያ ቢሆን ብዬ እመኛለሁ። የገባውን ሁሉ የሚያስተናግድ። የኛ ዓይን ግን ተጠያፊ ነው። ጣሳ፣ ቆርቆሮ፣ የጎረቤት ማንደጃ፣ ባጃጅ ሲያይ "ይሄ ደግሞ ሥዕል ነው እንዴ?" ይላል።

ለዚህ ጥፋቱ የናንተ ብቻ አይደለም። ወሎን ሌላ ሰው ሲስላት ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. ዓለም ያወቀን በድርቁ ምስል ነው፤ ምስሉ የተነሣባት ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ከዚያ ደግሞ የቱሪስት ፖስተር መጣ። ላሊበላ፣ ቆንጆ ልጅ፣ ሹርባ። ላሊበላን የሚያህል ነገር የለም፣ አልክድም። ግን ስንት የቤተ ጊዮርጊስ ሥዕል አየሁ መሰላችሁ! ሁሉም ከላይ ወደ ታች የታየ መስቀል ነው። 11 አብያተ ክርስቲያናት እያሉ የምትስሉት አንዱን፣ እሱንም ከአንድ ጎን፣ እሱንም ከፎቶ። በረሃቡና በፖስተሩ መሀል ያለው ማክሰኞ ከሰዓት ገና ማንም አልሳለውም። እሱ የናንተ ነው።

ዜማውን ተመልከቱ እስቲ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘፋኝ ሁሉ የሚያውቃቸው አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲ ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት። አምባሰል ተራራ ነው። የአገሩ ሙዚቃ ስሙን የወሰደው ከገበያና ከተራራ ነው፣ እኛ ግን በመስኮት የሚታየውን ለመሳል እናፍራለን።

ስለ ባቲ ካነሳሁ፣ አንዲት ተማሪዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ። ጋቢ ለብሳችሁ ትነሱና ስትደርሱ እጅጌ ትሰበስባላችሁ። ብርሃኑም ይለወጣል፤ ደሴ ላይ ጥላው ለስላሳ ነው፣ ባቲ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ልጅቷ የመጣችው ግመል ልትስል ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ይጋፋል፤ ግመሉ ደግሞ አንድ ቦታ ቆሞ አይሳልላትም። ተናዳ ከአንዲት በርበሬ ሻጭ አጠገብ ቁጭ አለች። ሴትዮዋ በጣሳ ትሰፍራለች። ጣሳው ጎኑ ተጨርምቷል። አንዷ ገዢ መጣችና "ይሄንን ጣሳ አውቀዋለሁ፣ በዚያኛው ስፈሪልኝ" አለች። የተጨረመተ ጣሳ ትንሽ ይይዛላ! ክርክሩ እዚያ ተጀመረ። ልጅቷ ጣሳውን ሳለችው። ከዚያ እጆቹን፤ አንዱ እጅ ጣሳው ላይ ሲቆልል፣ ሌላው ተጨማሪ ሲጠይቅ። ካየኋቸው የተማሪ ሥራዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ግመል የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ከቤታችሁ ሳትወጡ ሞክሩ። ቡና ሲቆላ ጭሱን እዩት። በሩ ክፍት ይሁን፣ ውስጡ ጨለም ይበል። ጭሱ በጨለማው ግድግዳ ፊት ሲያልፍ ሰማያዊ ነው። ያው ጭስ ዞሮ በበሩ ብርሃን ፊት ሲያልፍ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጭሱ ያው ነው፤ ከኋላው ያለው ነው የተለወጠው። ብናኙ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊውን ወደ ጎን ይበትናል፤ በቀጥታ አልፎ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው የቀረው ነው። ይህን ምክንያት ያወቅኩት በስተርጅና ነው። ጭሱን ግን አንድ ክረምት ሙሉ፣ ጎረቤቴ እናት ቡና ሲያፈሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ እያየሁት ተቀምጫለሁ። "ይሄ ልጅ ቡናውን ነው የሚጠጣ ጭሱን?" ይሉኝ ነበር። አመድማ ብቻ እየቀባ የኖረ ሰው ጭስ ሰማያዊ መሆኑን ሲያይ የሚሰማውን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።

ቀለም ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ከሰል ማንደጃ ውስጥ አለ። የቡና አተላ በውሃ ሲቀጥን ጥሩ ቡናማ ይወጣዋል። የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛው ወረቀት ከሰል ይቀበላል። በየቀኑ አዲስ ቦታ አትሂዱ፤ አንድ ቦታ ምረጡና ደጋግማችሁ ሂዱ፤ ሆጤ ያለች ደረጃ ብትሆንም፣ ፒያሳ ያለ የሊስትሮ ሳጥን ብትሆንም። ስልክ አትጠቀሙ አልልም፣ እኔም አለኝ። ግን ፎቶ አንስታችሁ ቤት ሄዳችሁ አትሳሉ። እዚያው ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ሰው ይሰበሰብባችኋል፣ "አፍንጫው አልመሰለም" ይላችኋል። ይበላችሁ። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ዓመት ያንን የበሬ ታፔላ አገኘሁት። ስጋ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ከአንድ ግቢ ገብቼ ሳለሁ የዶሮ ቤት በር ሆኖ ተቸንክሯል። ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን ልጦታል፤ ከሁሉ በፊት የተላጠው ደግሞ በላዩ ላይ የጨመርኩት ሻኛ ነው። በሬው ተመልሶ የወተት ጣሳዋ ላም ሆኗል። ባለቤቷን "ይሽጡልኝ" አልኳቸው። "ዶሮዎቼን የት ላድርጋቸው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዱካ ሰጡኝ፣ ተቀምጬ ሳልኩት። በተላጠው ሻኛ በኩል አንዲት ቀይ ዶሮ አንገቷን አስግጋ ስታየኝ ቆየች፤ እሷንም ጨመርኳት።