ጣና ላይ መልሕቅ ወይስ ተንሳፋፊ?

«በግል ጀልባ ዘጌ አካባቢ ልጠልቅ አስቤአለሁ፤ መልሕቅ ልጣል ወይስ ከተንሳፋፊው ልሰር?» ላልከው ወንድሜ፦ ከተንሳፋፊው፣ ማለትም ሐይቁ ሥር ካለ ክብደት ጋር በገመድ ከተያያዘው የጀልባ ማሰሪያ እሰር፤ ግን እንደ ተገኘ አይታሰርም።

1. ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘህ ቀስ ብለህ ቅረብ። ጀልባ የሚታሰረው በአፍንጫው ነው። በኋላው ያሰረ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ በሞተሩ በኩል ይገባበታል። የራስህን ገመድ በተንሳፋፊው ቀለበት አሳልፈህ ወደ ጀልባህ መልሰው፤ ረዘም ይበል። አጭር ገመድ ማዕበል በመጣ ቁጥር ክብደቱን ከሥሩ ያነሳዋል።

2. ካሰርህ በኋላ ከሁሉ በፊት ጠልቀህ ሥሩን መርምር፤ ጠላቂ ነህ አይደል? ሰንሰለቱንና ቋጠሮውን በእጅህ ዳብስ። ክብደቱንም እይ፤ 100 ኪሎ ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ስለሚቀል 60 ኪሎ አይሞላም፤ ይህን ሳያሰሉ የሚጥሉ ሞልተዋል።

3. የገመዱ ልክ። እኔን ያቃጠለኝ ይኸኛው ነው። ሐይቁ ሰኔ ላይ ይጎድልና መስከረም ላይ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የእኛን ሰፈር ተንሳፋፊ ያስቀመጡት ሰዎች ገመዱን የቆረጡት በግንቦት ውሃ ልክ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ተንሳፋፊው ከውሃ በታች ቀረ። ውሃው እንደ አተላ ደፍርሶ ምን ሊታይ? ገመዱ ፕሮፔለሬ ላይ ተጠመጠመና አንዱን ክንፍ ሰበረው። ላመለክት ብሄድ ኃላፊው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ማን እዚያ ሂድ አለህ?» አለኝ። ደብዳቤ ጻፍ፣ ማኅተም አስመታ፣ ነገ ተመለስ። ነገም ሌላ ነገ ወለደ። ፕሮፔለሩን በራሴ ገንዘብ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ከዚያ ወዲያ የማንንም ደጅ ሳልጠና የራሴን ሠራሁ። የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ኮንክሪት ሞልቼ የብረት ቀለበት ቀበርኩበት፤ ከታች ሰንሰለት፣ ከላይ ናይለን ገመድ በመስከረም ውሃ ልክ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቢጫ ጀሪካን። ክረምት ከበጋ ንቅንቅ አላለም። ታንኳ ቀዛፊዎች ሳይቀሩ ይታሰሩበታል፤ ሳያስፈቅዱኝ፣ ይሁን።

መልሕቅ ምን አለበት ለሚሉህ፦ እ.ኤ.አ. በ1981 የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያው ጆን ሃላስ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኪ ላርጎ ላይ ቋሚ ማሰሪያ የተከለው መልሕቅ ኮራሉን (ባሕር ውስጥ የሚያድገውን ድንጋይ መሰል ሕይወት) እንዳይሰባብር ነው። ጣና ኮራል የለውም፤ የዓሣ አጥማጅ መረብ ግን አለው። የሰው መረብ ቀድደህ ዘጌ ወደብ ላይ ብትወርድ የሚጠብቅህን አንተ ታውቃለህ።

ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ለባሕር የተዘጋጀውን የመጥለቂያ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየውን) እንዳለ አትጠቀም፤ በጠለቅህበት ዕለትም ከዚህ ከፍ ወዳለው ወደ እንጅባራ አትውጣ። ጀልባው ላይ ሞተር ማስነሳት የሚችል ሰው ይቅር፤ ጉማሬ ቀጠሮ አያከብርም። የእኔ ተንሳፋፊ ላይ ማሰር ከፈለግህ እሰር፤ በኋላው ካሰርህ ግን መጥቼ እፈታዋለሁ።