ፊደሉና አፉ፦ ስለ ብሪታንያ ስሞች አጠራር ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሳምንታት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው፤ የብሪታንያ የቦታና የሰው ስሞች ከተጻፉበት ፊደል ይህን ያህል ርቀው የሚጠሩት ለምንድን ነው የሚል ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። በመልሶቼ ውስጥ «ፊደሉ» ስል እያንዳንዱ የላቲን ፊደል ሳይዘለል ቢነበብ የሚሰጠውን ድምፅ፣ «አፉ» ስል ደግሞ የአገሬው ሰው የሚለውን ማለቴ ነው።

በእንግሊዝ አገር በነርስነት የሚያገለግሉ አንዲት አንባቢ፦ «አዲስ የተቀጠርኩበትን ከተማ ፊደሉን ተከትዬ ‹ሌይሴስተር› አልኩት፤ ‹ሌስተር› ነው ተባልኩ። ‹ዎርሴስተር› ያልኩትን ደግሞ ‹ዉስተር› ብለው አረሙኝ። ሕግ አለው ወይስ በቃል የሚጠና ነው?»

ሕግ አለው፤ የሚገኘው ግን በታሪክ ውስጥ ነው። ሮማውያን ከ43 እስከ 410 ገደማ (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ አምድ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ብሪታንያን ሲገዙ በየቦታው የጦር ሰፈር መሥርተው ነበር፤ የጦር ሰፈር በቋንቋቸው በላቲን «ካስትራ» ይባላል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት አንግሎ ሳክሶኖች ይህንኑ ቃል ወርሰው «ቼአስተር» በማለት የሮማውያን ቅጥርና ፍርስራሽ ያለበትን ከተማ ሁሉ ጠሩበት። ቃሉ ግን በየአካባቢው የተለያየ ዕድል ገጠመው፤ ማንቸስተር «ቸ»ን፣ ላንካስተርና ዶንካስተር «ካ»ን ይዘው ሲቀሩ፣ በእርስዎ ከተማና በመሰሎቹ «ቼ» ወደ «ሴ» ለሰለሰ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገኘው። «ሴስተር» ሲባል ሁለት የ«ሰ» ድምፆች በአንዲት ደካማ አናባቢ ብቻ ተለያይተው ይከታተላሉ፤ ስሙ በገበያና በመንገድ በቀን መቶ ጊዜ ሲጠራ ምላስ አንደኛውን «ሰ» ከነአናባቢው ዋጠው። እኛም «እግዚአብሔር» ብለን እየጻፍን በዕለት ንግግራችን «እግዜር» የምንለው ከዚህ በማይለይ ምክንያት ነው፤ አብዝቶ የሚጠራ ስም እንደ ደጃፍ ድንጋይ በእግር ብዛት ያልቃል።

ስለዚህ ግሎስተር፣ ቢስተር፣ ዉስተር ሁሉም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ በኖርዛምፕተንሽር የሚገኘው «ቶውሴስተር»ም በአፉ ከዳቦ መጥበሻው ቶስተር ጋር አንድ ነው። በደቡብ እንግሊዝ ሰው አፍ የመጨረሻዋ «ር» ራሷ ስለማትሰማ «ሌስታ» ቢሏት አይደንግጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ይህን ሕግ ካጠኑ በኋላ ሳይረንሴስተር የተባለችውን ከተማ «ሳይረንስተር» እንዳይሏት። በቀድሞው ዘመን «ሲሲተር» እየተባለች ትጠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ነዋሪዎቿ ፊደሏን አንድም ሳያጎድሉ ሙሉ ስሟን ይጠራሉ። በስም ጉዳይ የመጨረሻው ዳኛ ሕጉ ሳይሆን እዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

አዲስ አበባ የሚኖሩ የእግር ኳስ ወዳጅ፦ «የእንግሊዝ የጨዋታ ተንታኞች ‹ፉልሃም› ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ‹ደርቢ›ንም ‹ዳርቢ› ይሉታል። እኛ ተሳስተን ነው?»

ተሳስተናል ለማለት አልደፍርም፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

«ሃም» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቤት፣ መንደር ማለት ነው፤ ወንዝ የከበበውን ሜዳ የሚያመለክት ሌላ ተመሳሳይ ቃልም ነበር፤ ፉልሃም ከዚህኛው የመጣ ነው። ሁለቱም በስም መጨረሻ ላይ ሲለጠፉ ኃይል የሚያርፈው በስሙ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ «ሃም» ደክሞ «ኧም» ብቻ ቀረ። ስለዚህ ፉለም፣ ቶተነም፣ ኖቲንገም፣ በርሚንገም ይላሉ። ዌስት ሃም ግን «ሃም» ለብቻው የቆመ ቃል በመሆኑ ሙሉ ድምፁን አልተነጠቀም። አሜሪካ ያለችሁ አንባቢዎቼ ደግሞ አላባማ ውስጥ ያለችው ከተማ «በርሚንግሃም» ተብላ «ሃ»ዋ ጎልታ እንደምትሰማ ታውቃላችሁ፤ ስሙን ከእንግሊዟ ወሰደች፣ አጠራሩን ግን ከፊደሉ።

«ደርቢ» ሌላ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝኛ ብዙ «ኤር» የነበሩ ድምፆች ወደ «አር» ተለወጡ። ከቃላቱ አብዛኞቹ አጻጻፋቸውም አብሮ ሲለወጥ ጥቂቶቹ የቀድሞ ፊደላቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ደርቢና በርክሽር ከእነዚህ ናቸው፤ እንግሊዞች ዳርቢ፣ ባርክሽር ይሏቸዋል። ጸሐፊ የሚለውን «ክለርክ» እነርሱ «ክላርክ» ሲሉት አሜሪካውያን እንደ ተጻፈው ይሉታል፤ የቤተሰብ ስም የሆነው ክላርክ ግን ከዚሁ ቃል ወጥቶ በድምፁ ስለተጻፈ በየትም አገር ያው ነው። የደርቢው አርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) በ1780 በኤፕሰም ባስጀመሩት የፈረስ ውድድር አማካይነት ስሙ በዓለም ተሰራጨ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ «የሸገር ደርቢ» የምንለውም ከዚያ የመጣ ቃል ነው። እኛ ዘንድ አማርኛ ሆኖ ስለገባ «ደርቢ» መባሉን የሚያስተው ነገር የለም። የከተማዋ ስም በዜና ሲነሳ ግን «ዳርቢ» ብሎ መጻፍ ይሻላል እላለሁ፤ ፊደላችን ድምፁን ያለ ምንም ችግር የመያዝ አቅም እያለው የላቲኑን አጻጻፍ የምንገለብጥበት ምክንያት አይታየኝም። «ቶተንሃም» በጋዜጦቻችን ዓመታት ያስቆጠረ አጻጻፍ ስለሆነ እንዳለ ይቆይ።

ለትምህርት ያመለከቱ ወጣት፦ «ኦክስፎርድ ውስጥ ስሙ ‹ማግዳለን› ተብሎ የተጻፈ ኮሌጅ አለ። አስጎብኚው ግን ‹ሞድሊን› አለን። ምን አገናኛቸው?»

ይህን ጥያቄ በተለይ ወደድኩት፤ ምክንያቱም ስሙ ለእርስዎ እንግዳ አይደለም። መግደላዊት ማርያም ናት፤ ኮሌጁ በ1458 ሲመሠረት በእርሷ ስም ተሰየመ። ስሟ ወደ እንግሊዝ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ሲሆን፣ ፈረንሳዮች «ግ»ን ጥለው «ማድሌን» ይሏት ስለነበር እንግሊዞች «ሞድሊን» ብለው ተቀበሏት። ኮሌጁ በተመሠረተበት ዘመን ስሙ ብዙ ጊዜ የሚጻፈውም እንደሚነገረው ነበር። በኋላ የተማሩ ሰዎች የመጽሐፍ ቅዱሱን አጻጻፍ ሲመልሱ «ግ» ወደ ወረቀቱ ተመለሰች፤ ወደ አፍ ግን አልተመለሰችም። ካምብሪጅም በዚሁ ስም የሚጠራ ኮሌጅ አለ፤ አጠራሩ ያው ነው፣ በአጻጻፉ ግን መጨረሻ ላይ አንዲት የማትነበብ ፊደል ትጨመርበታለች። ሠዓሊዎች መግደላዊትን ስታለቅስ ይሥሏት ስለነበር «ሞድሊን» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ለእንባ የፈጠነን፣ ሆደ ባሻ ሰው መግለጫ እስከ መሆን ደርሷል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1868 በመቅደላ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሮበርት ናፒር ከዘመቻው በኋላ «የመቅደላው ባሮን ናፒር» የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። የላቲን ፊደል «ቅ»ን የሚጽፍበት ምልክት ስለሌለው፣ እንግሊዞች የእኛን አምባ «ማግደላ» ብለው፣ መግደላዊት ስሟን ባገኘችበት በገሊላው መንደር አጻጻፍ ጻፉት። አምባውና የገሊላው መንደር በላቲን ፊደል አንድ መስለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቴዎድሮስ የወደቁበትን ስም በትክክል የሚያሰማው ግን «ቅ» ብቻ ነው።

ካምብሪጅም የሚሄዱ ከሆነ «ካዩስ» ተብሎ የተጻፈውን ኮሌጅ «ኪዝ» ይበሉት። በ1557 እንደገና ያቋቋሙት ሐኪም የቤተሰባቸው ስም «ኪዝ» ነበር፤ በዘመኑ ምሁራን ልማድ በላቲን አስጊጠው ጻፉት፣ አፉ ግን በአባታቸው ስም ጸና።

ኤደንብራ የሚኖሩ የሒሳብ ሠራተኛ፦ «ደንበኛችን ስማቸው ‹ሜንዚስ› ተብሎ ተጽፎ ሳለ ‹ሚንጊስ ነኝ› አሉኝ። ‹ዝ› እንዴት ‹ግ› ይሆናል?»

«ዝ» አልነበረችም። በድሮው የስኮትላንድ አጻጻፍ «ዮኽ» የምትባል፣ ሦስት ቁጥርን የምትመስል፣ ጅራቷ ወደ ታች የወረደ ፊደል ነበረች፤ ድምፅዋ ወደ «ይ» የሚጠጋ ነበር። በስኮትላንድ የመጀመሪያው ማተሚያ በ1508 እዚያው ኤደንብራ ሥራ ሲጀምር የእርሳስ ፊደሎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ስለነበሩ «ዮኽ» በመካከላቸው አልተገኘችም፤ አታሚዎቹም በመልክ የምትቀርባትን፣ ጅራታሟን «ዝ» በቦታዋ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ «ዝ» እያለ፣ ቤተሰቡ የአያቱን ድምፅ ይዞ ኖረ። «ዳልዚል» የሚመስለው ስም «ዲየል» የሚባለው፣ «ከልዚን» የሚመስለው ቤተ መንግሥት «ከሌን» የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ2006 እስከ 2007 የብሪታንያው የሊበራል ዴሞክራቶች ፓርቲ መሪ የነበሩት ሰር ሜንዚስ ካምቤል «ሚንግ» እየተባሉ ይጠሩ የነበረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ፊደሉን ተከትለው «ሜንዚስ» ነን የሚሉ ቤተሰቦችም ስላሉ ባለቤቱን መጠየቅ ይቀድማል።

እርስዎ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «የእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም» ብለዋል። በዚህ አልስማማም። «ሥዕል» ብለን ስንጽፍ ንጉሡን «ሠ»ንና ዓይኑን «ዐ»ን የምንጠቀመው በግእዝ የራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ፊደላት ስለሆኑ ነው፤ ዛሬ በአማርኛ «ሠ»ና «ሰ»፣ «ዐ»ና «አ» አንድ ድምፅ ናቸው፣ ወረቀቱ ግን የጥንቱን ይመሰክራል። «ገና» የሚለውም በዓሉ ይሁን «አሁንም» ለማለት ይሁን ፊደሉ አይነግረንም፤ የሚያጠብቀውና የሚያላላው አንባቢው ነው። ሥዕልን «ስእል» ብሎ ለመጻፍ ልባችን ካልፈቀደ፣ የስኮትላንዱ ቤተሰብ ስሙን በድምፁ አስተካክሎ የማይጽፍበትን ምክንያት ከማንም በላይ እኛ ልንረዳ ይገባናል።

ለንደን የሚኖሩ የአውቶቡስ ተሳፋሪ፦ «ግሪንዊች ወይስ ግረኒች?»

ግረኒች። ኃይል ከመጀመሪያው ክፍል ላይ ሲያርፍ ተከታዩ «ወ» ይሟሟል፤ ኖሪች፣ ዉሊች፣ ቺዚክ፣ ዎሪክ በዚህ ይመደባሉ፤ «ሳውዝዋርክ» የተጻፈውም በአፉ «ሰዘክ» ነው። ኢፕስዊችና ሳንድዊች ግን «ወ»ቸውን ጠብቀዋል። በ1884 ዋሽንግተን ላይ የተሰበሰቡ አገሮች የዓለም የሰዓት መነሻ እንዲሆን ስለመረጡት በራዲዮናችን «በግሪንዊች ሰዓት አቆጣጠር» ሲባል ኖሯል፤ ይህ ሥር የሰደደ ስለሆነ ቢቀጥል አይከፋኝም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሲጠይቁ ግን «ግረኒች» ይበሉ።

በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ እኅት፦ «‹ፌዘርስቶንሃው› የተባሉ አዛውንት ‹ፋንሾ› በሉኝ አሉኝ። አእምሯቸው ደክሞ ይሆን ብዬ ሰጋሁ።»

አእምሯቸው ጤነኛ ነው፤ ብዙዎቹ የስሙ ባለቤቶች እንዲሁ ይሉታል። «ቾልሞንድሊ» ቸምሊ፣ «ማርጆሪባንክስ» ማርችባንክስ ነው። ከ1066 ወዲህ ከኖርማኖች ፈረንሳይኛ የገቡትም በእንግሊዝ ምላስ ተለውጠዋል፤ «ቦሻም» መባል የነበረበት ቢቸም፣ መልካም ዕይታ ማለት የሆነው «ቤልቯር» ደግሞ ቢቨር ተብሏል። በአልጋቸው ራስጌ በተለጠፈው ካርድ ላይ አጠራሩን በአማርኛ ይጻፉት፤ የማታ ተረኛዋ አገራችን ሰው ከሆነች እርሷም በትክክል ትጠራቸዋለች። የእርስዎም ስም «ጸ» ወይም «ጠ» ካለበት እርሳቸው ሲቸገሩ ደጋግመው ያስጠኗቸው።

ካርዲፍ የሚኖሩ አባት፦ «የዌልስ ስሞች ከእንግሊዙም የባሱ አይደሉምን?»

አይደሉም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። የዌልስ ቋንቋ የራሱን የፊደል ሕግ ጠብቆ ስለሚጻፍ ሕጉን የያዘ ሰው የማያውቀውን ስም እንኳ ያነበዋል። የሚያስቸግረው ሁለት «ል» ተደርበው ሲጻፉ ነው፤ ምላስዎን «ል» ሊሉ እንደሆነ ላንቃዎ ላይ ያሳርፉና ድምፅ ሳያወጡ በጎንና በጎኑ ትንፋሽ ይልቀቁ። «ላን» ብለው የሚጀምሩት ብዙ ስሞች በዚህ ድምፅ ነው የሚጠሩት፤ ትርጉሙ ቤተ ክርስቲያንና ቅጥሯ ማለት ስለሆነ የእኛን «ደብረ» ያስታውሳል።

ግላስጎ የደረሱ መንገደኛ፦ «‹ሚልጋይ› የሚሄደውን ባቡር ፈልጌ ሰሌዳው ላይ አጣሁት።»

አለ። ትኬት ሲቆርጡ «ሚልጋይ» ይበሉ፤ «ጋ» ላይ ጠንከር ያድርጉ። ሰሌዳው ላይ ግን የሚፈልጉት ፊደሉ «ሚልንጋቪ» የሚለውን ነው፤ የመስመሩ የመጨረሻ ጣቢያ ስለሆነ ሳይወርዱ ያልፈኛል ብለው አይሥጉ።