«ባንኮች ይተዳደሩ» ማለት «ይወረሱ» ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ባንኮች እንደ መብራትና ውኃ የሕዝብ አገልግሎት ሆነው ይተዳደሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብኩ። ባልደረባዬ «ይወረሱ ማለቱ ነው» አለ፤ እኔ ደግሞ «ቁጥጥሩ ይጥበቅ ማለቱ ነው» አልኩት። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ጸሐፊው ሊል የፈለገው እርስዎ ያሉትን ይመስለኛል፤ አጻጻፉ ግን ባልደረባዎ የተረዱትንም ያስረዳል። ጥፋቱ «ይተዳደሩ» ላይ ነው። ይህ ግሥ «በምን?» ወይም «በማን?» ለሚለው መልስ ካልያዘ ጎዶሎ ነው። «ማኅበሩ በንግድ ሕግ ይተዳደራል» ስንል ሕጉ ሥርዓቱን ይወስናል እንጂ የማኅበሩ ባለቤት አይደለም። «ትምህርት ቤቱ በመንግሥት ይተዳደራል» ስንል ግን በጀቱም ሹመቱም ከመንግሥት ነው። ጸሐፊው ይህን ሲተወው አንባቢው ከራሱ ይሞላል፤ የእኛ አንባቢ ምን እንደሚሞላም መገመት አያዳግትም። ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችን ወርሷል፤ የግል ባንክ ዳግም የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 84/1986 ነው።

ንጽጽሩም ነገሩን አባብሶታል። በአገራችን መብራትና ውኃ የመንግሥት ድርጅቶች ሥራ ስለሆኑ «እንደ መብራትና ውኃ» ሲባል የመንግሥት ባለቤትነት አብሮ ይታሰባል። በአሜሪካ ግን ለብዙው ሕዝብ መብራት የሚያቀርቡት የባለአክሲዮኖች ኩባንያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ኒው ዮርክና ዊስኮንሲን እነዚህን ኩባንያዎች በኮሚሽን መቆጣጠር ጀመሩ፤ ኮሚሽኑ ታሪፉን ያጸድቃል፣ ኩባንያውም በአካባቢው ያለውን ደንበኛ ያለ አድልዎ የማገልገል ግዴታ አለበት። ባንክን የሕዝብ አገልግሎት የማድረግ ሐሳብም ከዚህ ይቀዳል፦ ትርፉ የባለአክሲዮኑ ይሁን፣ ግን ሒሳብ ሊከፍት የመጣ ድሃ አይመለስ፣ የአገልግሎት ክፍያውም ልክ ይኑረው።

«መንግሥት ባንኮችን ይቆጣጠር» ቢባልስ? እሱም አያድንም። «ፈታኙ ተማሪዎቹን ተቆጣጠረ» ማለት ዐይኑን አልነቀለም ማለት ነው፤ «ጦሩ ከተማዋን ተቆጣጠረ» ሲባል ግን ያዛት። «በባንኮች ላይ ቁጥጥር ይደረግ» ቢሉ የመያዝ ትርጉሙ ይወገዳል፤ እኔም ይህን እመርጣለሁ።

ሆኖም ቁጥጥር የሚለው ቃል ሁሉን አይሸፍንም። ብሔራዊ ባንክ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ገንዘብ 27 በመቶውን የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አዝዞ ነበር። ባንኮቹ አልተወረሱም፤ ነገሩም የሒሳብ መዝገብ ከመመርመር እጅግ ያለፈ ነው። «ግዴታ ተጣለባቸው» ማለት እንጂ «ቁጥጥር ተደረገባቸው» ማለት አይበቃም። የግዴታው ዓላማ ይለያይ እንጂ፣ ያነበቡት ጸሐፊም የሚፈልገው ግዴታ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ባንኮች፣ ባለቤታቸው ማንም ይሁን ማን፣ ሕዝብን ያለ አድልዎ የማገልገል ግዴታ በሕግ ይጣልባቸው።»