የጦስኝ ጠብታ የግፊት ኪኒን ይተካል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት ስላለባት አምሎዲፒን ትወስድ ነበር። ሰሞኑን አንድ ሰው ከጦስኝ የተጣራ ጠብታ ሸጦላት፣ «አንቲኦክሲዳንት ነው፣ ኪኒኑን ተይው» አላት። እሷም ተወችው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ግፊታቸውን አስለኪ፣ ኪኒናቸውንም ይቀጥሉ። «ምንም አይሰማኝም» ቢሉሽ እንዳትዘናጊ፤ ግፊት ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚጎዳው። ደረታቸውን ካመማቸው፣ አንድ ጎናቸው ከዛለ ወይም አፋቸው ከተሳሰረ ግን ጊዜ ሳታጠፊ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ጦስኝን እኔም እወደዋለሁ። ብርድ ሲሆን ሻዬ ውስጥ ጣል አደርገዋለሁ። በባሌና በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል ቅጠል ነው፤ ያ ደስ የሚል ሽታውም በአብዛኛው ታይሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉት ውህዶች ይመጣል። ሁለቱም አንቲኦክሲዳንት ናቸው፣ ማለትም ሴሎቻችንን የሚጎዱ «ፍሪ ራዲካል» የሚባሉ ቅንጣቶችን የሚያከሽፉ ውህዶች ናቸው፤ እስከዚህ ድረስ ሻጩ አልዋሸም።

ግን ይሄ ነገር ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዴት እንደሚለካ ልንገርሽ። ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ አለ። የቅጠሉ ጭማቂ ሲጨመርበት ወደ ቢጫ ከተለወጠ «አንቲኦክሲዳንት አለው» ይባላል። በቃ፣ ይኸው ነው! እናትሽ ሲጠጡት ግን አንጀት ጥቂቱን ያሳልፋል፣ ጉበት ይለዋውጠዋል፣ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ ደም ውስጥ የሚደርሰው ያ ብልቃጥ ውስጥ የተለካው መጠን አይደለም፣ ቢደርስም እንኳ ቀለም መቀየርና ግፊት ማውረድ ለየቅል ናቸው።

«ተጣርቶ ሲወጣ ይበልጥ ይጠቅማል» የሚለውም ብዙ ሰው ያሞኛል። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ከፊሎቹ ቤታ ካሮቲንን፣ ያንን ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን አንቲኦክሲዳንት፣ በኪኒን ይወስዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ኪኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ካሮቱን ብይ፣ ችግር የለውም።

ስለዚህ የጦስኝ ሻዩን በቀን አንድ ሁለት ስኒ ይጠጡ። ደም ማነስ ካለባቸው ከምግብ ጋር አይሁን፣ እንደ ሻይ ቅጠል ሁሉ የምግቡን ብረት ይሻማል። ጠብታው ግን ይቅር። በውስጡ ስንት ታይሞል እንዳለ የተጻፈበት ነገር ከሌለ ልኩን ማን ያውቃል? ተጣርቶ የጠነከረ ዘይት ከሆነ ደግሞ ጨጓራ ያቃጥላል። ብልቃጡን አትጣዪው፣ ለሐኪማቸው አሳዪው።