ሜራ ይሻላል ወይስ አይላንድ ፒክ?

እህቴ፣ ራስ ዳሽንን ወጥተሻል፤ በረዶ ላይ ግን ተራምደሽ አታውቂም። ኔፓል ሄደሽ በአስጎብኚ ለመውጣት ከሜራና ከአይላንድ ፒክ ተራሮች የቱ ይሻላል ብለሽ ለጠየቅሽው፣ የኔ መልስ ሜራ ነው።

ቁጥሩ አያስደንግጥሽ። ሜራ 6,476 ሜትር ነው፣ አይላንድ ፒክ 6,189። ግን ከፍ ያለ ሁሉ ከባድ አይደለም። በተለመደው መንገድ ሜራ ማለት ከመሪሽ ጋር በአንድ ገመድ ታስረሽ በረዶው ላይ ቀስ እያልሽ መራመድ ነው፤ ትንሽ ዳገት የሚገጥምሽ ጫፉ ጋ ነው። አይላንድ ፒክ ግን ከጫፉ በታች ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ አለው። ጁማር የሚባለውን፣ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የማይንሸራተት መያዣ በተዘረጋው ገመድ ላይ እየገፋሽ ትወጪያለሽ። ገመዱ በረዶው ላይ የታሰረበት ቦታ ስትደርሺ፣ መጀመሪያ ከወገብ ቀበቶሽ ጋር ከታሰሩት ማያያዣዎች አንዱን ከቋጠሮው በላይ ታስገቢያለሽ፣ ከዚያ ነው ሌላውን የምትፈቺው። ይሄ እንግዲህ በወፍራም ጓንት፣ ትንፋሽ አጥሮሽ፣ እንቅልፍ ሳትጠግቢ ነው። መውረዱማ ሌላ ጣጣ!

ድርጅት ስትመርጪ ከዋጋው በፊት የቀኑን ብዛት ጠይቂ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሪበት ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ነው የሚመከረው። ርካሹ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ሰውነትሽ ከፍታውን የሚላመድበትን የእረፍት ቀን ነው። ለመጥፎ አየር የሚሆን ትርፍ ቀንም ይኑረው። ኢንሹራንስሽ በሄሊኮፕተር ማውረድን እስከ ስንት ሜትር እንደሚሸፍን በጽሑፍ ተቀበዪ።

ወሩ ጥቅምት ወይም ሚያዝያ ይሁን።