የኋላ ሾክ ተንኳኳ ብለህ ብረት አታስገባበት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንድሜ ከጀርመን ሲመጣ ያመጣልኝ የፊትም የኋላም ሾክ ያለው የተራራ ብስክሌት አለኝ። ስሪቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2009 ነው፣ ጎማው 26። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ሥራ እመላለስበታለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ እወጣበታለሁ። ከክረምቱ ወዲህ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ከኋላ «ቋ» ይላል። ስቀመጥበትም ይሰምጣል፣ እንደ ድሮው አይመልሰኝም። የሾኩ ዘንግ ላይ ቅባት አይቻለሁ። አንድ መካኒክ «ይሄ አልቆለታል፤ በልኩ ብረት ቆርጬ ላስገባልህና ተገላገል» አለኝ። ሌላው ደግሞ አዲስ ከውጭ አስመጣ ይላል። የማንን ልስማ?

ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብረቱን እርሳው። የብስክሌትህ ፍሬም የተሠራው የኋላው ጎማ ከፍ ዝቅ እንዲል ታስቦ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ምቱን ሾኩ ይውጠዋል። በቦታው ብረት ከገባ ምቱ በሙሉ የሚያርፈው ሾኩ የታሰረበት የፍሬሙ ጆሮ ላይ ነው። እንዲህ የተደረገ አንድ የአልሙኒየም ፍሬም ሱቄ መጥቶ ያውቃል። ላይኛው ማሰሪያ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረበት፤ ዓይኔ አላየውም፣ በጥፍሬ ስሄድበት ነው የያዘኝ። ልጁ በዚያ ፍሬም ከእንጦጦ ቁልቁል ወርዶ ነው የመጣው። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

አሁን ወደ ሾክህ። መንኳኳቱና መስመጡ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፤ አንድ ላይ ስለመጡብህ አንድ መስለውሃል።

መንኳኳቱን አስቀድም። ሾኩ በሁለቱም ጫፉ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ውስጥ ቡሽ የምንለው ስስ ቀለበት ተጠቅጥቆ ገብቷል፣ በቡሹ ውስጥ ፒን ያልፋል፣ በፒኑ ውስጥ ብሎን። ቀድሞ የሚበላው ቡሹ ነው፤ እንዲበላም ነው የተሠራው። ለማወቅ አንድ እጅህን ኮርቻው ሥር አድርግና ጎማው ከመሬት ሳይነሳ ብስክሌቱን በትንሹ ከፍ ዝቅ አድርገው። የሌላውን እጅህን አውራ ጣት ግማሹን ሾኩ ላይ፣ ግማሹን ፍሬሙ ላይ አሳርፍ። ቡሹ ካለቀ ጣትህ ሥር ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማሃል። ክፍተቱ በዓይን የማይታይ ቢሆን አይግረምህ። ሾኩ 50 ሚሊ ሜትር ሲገባ ጎማው 120 ሚሊ ሜትር የሚነሳበት ብስክሌት ላይ፣ ቡሹ ጋ ያለች የግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ጎማው ጋ ስትደርስ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትበልጣለች።

ሾኩን ስታወጣ ቡሹን በመዶሻ አታባርረው፤ ሞርሳ ላይ አድርገህ በልኩ ቱቦ ቀስ ብለህ ግፋው። ምትክ ካጣህ ጥሩ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይቀርጽልሃል። ነገር ግን ልኩን ካለቀው ቡሽ እንዳይወስዱ፤ ፒኑንና የሾኩን ቀዳዳ በካሊፐር ይለኩ። የአሮጌ ሾክ ፒን በብዛት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግማሽ ኢንች መሆኑ ነው። «13 በለው» ተብሎ ከተቀረጸ ገና በመጀመሪያው ቀን ይንኳኳል።

ሾኩ ከወጣ አይቀር የኋላውን ክንድ፣ ማለትም የኋላውን ጎማ ይዞ ከፍ ዝቅ የሚለውን የፍሬም ክፍል፣ ይዘህ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ከተላወሰ ክንዱ የሚዞርበት ኩሽኔታም አልቋል። እሱ አያስጨንቅህ። ጎኑ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ለምሳሌ 6902 ወይም 608። ቁጥሩ የብስክሌት ብቻ አይደለም፣ በየማሽኑ ላይ ያለ ነው። 6902 ማለት ውስጡ 15፣ ውጩ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። መርካቶ ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ ሄደህ ብስክሌት ብለህ አትድከም፤ ቁጥሩን ብቻ ንገረው።

መስመጡ ጋ እንምጣ። ሾክህ ላይ ትልቅ የብረት ሞላ ካልተጠመጠመበትና እንደ መኪና ጎማ ያለ ቫልቭ ካለው የአየር ሾክ ነው። ቫልቩ ከጎሚስታው ቱቦ ጋር ይገጥማል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሾክ የአየር ክፍል ከቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም፣ ግፊቱ ግን ከመኪና ጎማ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ የሚሆነው እስከ 300 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያነብ ትንሹ የሾክ ፓምፕ ነው። ክብደትህን በኪሎ በ2.2 አባዛና ከዚያ ጀምር፤ 70 ኪሎ ከሆንክ 150 ፒኤስአይ ገደማ ይመጣል። ከዚያ ዘንጉ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት አየሩን ወደያዘው ቀፎ አስጠግተህ፣ ቦርሳህን እንደያዝክ ቀስ ብለህ ተቀመጥበትና ሳታንገጫግጭ ውረድ። ቀለበቷ ከሾኩ ሙሉ እርምጃ 25 እስከ 30 በመቶ ከተጓዘች ልክ ነው፤ 51 ሚሊ ሜትር በሚገባ ሾክ ላይ 13 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በነጋታው እንደገና ተቀመጥና ለካ። ፓምፑን መልሰህ እየሰካህ አትፈትሽ፤ ቱቦው ራሱ አየር ስለሚወስድ ሾኩ ሳይነፍስ የነፈሰ ያስመስለዋል።

በአንድ ሌሊት ከነፈሰ ያለቁት የአየሩ ቀፎ ውስጥ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ይህ የሚድን በሽታ ነው። ቀለበቶቹ በሾኩ ሞዴልና ዓመት ተለይተው በአንድ እሽግ ይሸጣሉ፤ ፖስታ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ሰው አይከብደውም። አየሩን በሙሉ አስወጣ፣ ሾኩን ጥቂት ጊዜ ጨቁነህ እንደገና አስወጣ። ቀፎው ከእጅህ ካሟለጨ አሮጌ ካላማዳሪያ ጠቅልለህበት ፍታው። በቤንዚን እንዳታጥበው፣ ጎማውን ያሳብጠዋል። በንጹህ ጨርቅና በአልኮል ጥረገው።

ዘንጉ ላይ ያየኸው ቅባት እንደ ላብ ስስ ከሆነ አትደንግጥ። ጠብ የሚል ከሆነ፣ ሲጨቆን ውስጡ የሚንቦጫረቅ ከሆነ፣ ወይም የመመለሻውን ፍጥነት የምትቆጣጠረዋ ቀይ ቁልፍ ብትዞርም ምንም ካልለወጠች፣ የዘይቱ ክፍል ሞቷል። እሱን አትክፈት፣ አታስከፍትም። ውስጡ ብዙውን ጊዜ በናይትሮጅን የተሞላ ነው፤ መልሶ መሙያ መሣሪያ የሌለው ሰው ቢፈታው ይሞትበታል እንጂ አይድንለትም።

ከሁሉ የምፈራልህን ልንገርህ። የአየር ሾክ ውስጥ ሁለት የአየር ክፍል አለ፤ አንዱ ይገፋል፣ ትንሹ በተቃራኒው ይስባል። በመካከላቸው ያለው መዝጊያ ሲያልቅ አየሩ ወደ ትንሹ ይገባና ሾኩ ተጨቁኖ እንደሟሸሸ ይቀራል፤ ብትነፋውም አይነሳም። በቫልቩ ብታስተነፍሰውም ባዶ የሚሆነው ትልቁ ክፍል ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን ባዶ ነው ብዬ ሞርሳ ላይ አስሬ ፈታሁት። የመጨረሻው ጥርስ ሳይለቅ ፈነዳ፤ ቀፎው በጆሮዬ አጠገብ አልፎ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሰረጎደው። ጉድጓዱ ዛሬም አለ፤ ከእኔ ጋር ለሚሠሩት ልጆች ሁሉ አሳያቸዋለሁ። ያንተም ተጨቁኖ ከቀረ ከልጆች አርቀህ አስቀምጠው እንጂ መፍቻ አታሳየው።

መለወጥ ግድ ከሆነ ለወንድምህ የምትልክለት ፎቶ ሳይሆን ልክ ነው። መጀመሪያ ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ሌላው መሐል፣ ሾኩ ሙሉ ተዘርግቶ። ሁለተኛ፣ ዘንጉ የሚገባበትን ርዝመት። ከዚያ የፒኑን ስፋትና የብሎኑን ውፍረት በየጫፉ፤ ላይና ታች ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። ያንተ ዘመን ብስክሌቶች ላይ የሚገኙት 165 በ38፣ 190 በ51፣ 200 በ57፣ 216 በ63 የመሳሰሉት ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ አዲስ የልክ ሥርዓት ስለመጣ 210 በ55 እና 230 በ65 በብዛት ታያለህ፤ «ይቀራረባል» ብሎ እንዳይገዛ። ርዝመቱ እኩል ሆኖ እርምጃው ትንሽ ቢያጥር የምታጣው ምቾት ነው። እርምጃው ከረዘመ ግን ሾኩ ተጨቁኖ ሲያልቅ ጎማው የኮርቻውን ምሰሶ ይመታል፤ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስብህ ትወድቃለህ። ያገለገለም ቢሆን ዘንጉ ያልተቧጠጠ ከሆነ እኔ በደስታ እገጥመዋለሁ። ሞላው ላይ 750 ወይም 850 የተጻፈበት ርካሽ ሾክ ግን ብዙው ዘይት የሌለው ባዶ ሞላ ነው፤ እንጦጦ ላይ እንደ በቅሎ ይራገጥብሃል።

ላቫጆ ስታሳጥበው ደግሞ የግፊት ውሃውን ወደ ሾኩና ወደ ኩሽኔታው እንዳያዞሩት ቁመህ ጠብቅ። የክረምቱ ጭቃ በጨርቅና በባልዲ ውሃ ይለቃል።

ወንድምህን ከማስቸገርህ በፊት ግን ዛሬ ማታ ንፋውና ቀለበቷ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደች ጻፍ፤ ጠዋትም እንዲሁ። ሁለቱን ቁጥር ከአውራ ጣትህ ፈተና ውጤት ጋር ላክልኝ።