መልስ፦ ሶኒ የአክቲቪዥንን ሽያጭ ያን ያህል የተቃወመው ለምንድን ነው?
ማይክሮሶፍት የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪውን አክቲቪዥን ብሊዛርድን ሲገዛ ሶኒ ለምን እንደዚያ እንደተሟገተ ጠይቀዋል። ነገሩ በአብዛኛው የአንድ ጨዋታ ጉዳይ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ኩባንያውን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ሶኒ «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» የተባለው የአክቲቪዥን የተኩስ ጨዋታ ውሎ አድሮ ለማይክሮሶፍቱ የጨዋታ መሣሪያ ለኤክስቦክስ ብቻ ይቀራል፣ ተጫዋቹም ጨዋታውን ተከትሎ የሶኒን መሣሪያ ፕሌይስቴሽንን ይተዋል የሚል ስጋት እንዳለው ለተቆጣጣሪዎች አቤት አለ። ሶኒ ራሱ ለፕሌይስቴሽን ብቻ የሚሠሩ ስንት ጨዋታዎች እንዳሉት ለሚያውቅ ሰው አቤቱታው ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ይባስ ብሎም፣ የፕሌይስቴሽን ኃላፊ የነበሩት ጂም ራያን ግዢው ይፋ በሆነ ሰሞን የጻፉት ኢሜይል ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲነበብ፣ ጨዋታው ለዓመታት ከፕሌይስቴሽን እንደማይጠፋ እርግጠኛ መሆናቸውን የሚገልጽ ሆኖ ተገኘ።

በጁላይ 2023 ጉዳዩን ያዩት ዳኛ፣ የገበያ ውድድርን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግዢው እንዲታገድ ያቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ፤ ሶኒም በዚያው ወር ጨዋታውን ለ10 ዓመት በፕሌይስቴሽን የሚያቆይ ውል ፈረመ። ይበልጥ ያስቸገረው የብሪታንያው ተቆጣጣሪ ነበር፤ የእርሱ ጭንቀት በኢንተርኔት አማካይነት የሚሠራጨው የክላውድ ጨዋታ ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት የአክቲቪዥንን ጨዋታዎች በክላውድ የማሠራጨት መብት ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ ለፈረንሳዩ ጨዋታ ሠሪ ዩቢሶፍት ካስተላለፈ በኋላ ነው ግዢው ኦክቶበር 13 ቀን 2023 የተጠናቀቀው።